ታይፎይዱን ራሱን እንያዘው፦ ስለ ፌጅ ምርመራ ከጎጃም የተነሳ ክር

ይህ የውይይት ክር ረዝሟል። አሁን የሚገባ ሰው ሁሉንም ለማንበብ ጊዜ አይኖረውም። ስለዚህ የተባለውን በየቁጥሩ እዚህ ላስቀምጠው። ክሩን የከፈትኩት እኔ ነኝና የተስማማሁበትንም ያልተስማማሁበትንም እናገራለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

የመክፈቻው ጽሑፍ

የምሠራው ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ፣ በአንድ ጤና ጣቢያ ላብራቶሪ ነው። ጥያቄዬ የተነሳው ለታይፎይድ ከሚታዘዘው የደም ምርመራ፣ ከዊዳል ነው። ነገሩን አገር ያውቀዋል። ሰው ያተኩሰዋል፣ ራሱን ያመዋል፣ ይቆረጥመዋል፣ ይመጣል። ዊዳል ይታዘዝለታል። ነጩ ሰሌዳ ላይ የሴረም ጠብታ እናደርጋለን። በአንዱ ላይ ሰማያዊውን፣ በሌላው ላይ ቀዩን ፈሳሽ ጠብ እናደርጋለን። በስንጥር አማስለን ሰሌዳውን እናወዛውዛለን። ጠብታው አሸዋ አሸዋ ከመሰለ ፖዘቲቭ ነው። ሰውየው ታይፎይድ አለብህ ተብሎ መድኃኒቱን ይዞ ይሄዳል። ትንሽ ቆይቶ ይመለሳል። አሁንም ታይፎይድ ይባላል።

ዊዳል ከ1896 ጀምሮ ያለ ምርመራ ነው። ባክቴሪያውን አያይም። የሚያየው ሰውነታችን በሽታውን ለመከላከል የሠራውን አንቲቦዲ ነው። አምና የታመመም፣ ሌላ የሳልሞኔላ (የታይፎይዱ ባክቴሪያ ወገን) ዓይነት የነካውም ፖዘቲቭ ሊሆን ይችላል። እውነተኛው በሽታ ወባ ወይም ግርሻ ቢሆንስ? ታይፎይድ የሚለው ስም ከተለጠፈ በኋላ ሌላውን የሚፈልግ የለም። ይህ ያንገበግበኛል።

ስለዚህ ባክቴሪያውን ራሱን፣ በሕይወት እያለ፣ በቶሎ የምንይዝበትን መንገድ አነሳሁ። መንገዱ ፌጅ ነው። ፌጅ፣ በሙሉ ስሙ ባክቴሪዮፌጅ፣ ባክቴሪያን ብቻ የሚያጠቃ ቫይረስ ነው። ያገኘውን ሁሉ አይነካም። እያንዳንዱ ፌጅ የራሱን ዓይነት ይመርጣል። በጭራው ጫፍ የባክቴሪያውን ገላ ይዳብሳል። የሚያውቀው ከሆነ ይጣበቃል፤ ዲኤንኤውን ወደ ውስጥ ያስገባል። ቲ4 የሚባለው የኢ. ኮላይ (አንጀት ውስጥ የሚኖር ባክቴሪያ) ፌጅ በ37 ዲግሪ ሙቀት ግማሽ ሰዓት ገደማ ይበቃዋል። ባክቴሪያው ሲፈነዳ ከ100 እስከ 200 አዳዲስ ፌጆች ይወጣሉ። ይህ መባዛት ራሱ ምልክት ነው። ፌጁ ከበዛ የሚፈልገው ባክቴሪያ ናሙናው ውስጥ ነበረ፣ ያውም በሕይወት ነበረ ማለት ነው።

ጥያቄዬ አጭር ነበር። ይህን ጎጃም ላይ መጀመር እንችላለን? ከየት እንነሳ?

መልሶቹ

1ኛው መልስ ትሕትና የሞላበት ነበር። የጻፈችው ደብረ ማርቆስ ያለች የነርስ ተማሪ ናት። አመስግናኝ ስታበቃ አንድ ነገር ጠየቀች፦ ቫይረስ ወደ ጤና ጣቢያ ስናመጣ ሰውን አይጎዳም ወይ? ሕዝቡም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው።

የመለሱላት 2 ቁጥር ላይ ደጀን የሚያስተምሩ የባዮሎጂ መምህር ናቸው። ፌጅ የሰው ሴል ላይ የሚይዘው መንጠልጠያ ስለሌለው ሊገባበት እንደማይችል አስረዱ። በአባይ ውሃ፣ በእርሻችን አፈር፣ በአንጀታችንም ሞልቷል አሉ። ለዚህ ምርመራ ደግሞ ቱቦ ውስጥ ነው የሚቀረው፤ ታማሚው አይወስደውም። መምህሩ ታሪኩንም አልተዉትም። እንግሊዛዊው ፍሬድሪክ ትዎርት በ1915፣ ፓሪስ ፓስተር ኢንስቲትዩት የነበረው ፌሊክስ ዴሬል ደግሞ በ1917 ስለ ፌጅ ጽፈዋል። ዴሬል ያገኘው ከተቅማጥ ታማሚዎች ሰገራ ነው።

3 ቁጥር ላይ የፍኖተ ሰላም የላብራቶሪ ባለሙያ ገባ። በቶሎ የሚለው ነገር በሥርዓቱ ይነገር አለ። ጥንታዊው የፌጅ ምርመራ እንዴት እንደሚሠራ ደረጃ በደረጃ ጻፈ። እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አንብቡ፤ ከክሩ ሁሉ የወደድኩት ክፍል ይህ ነው። ናሙናው ላይ ፌጅ ይጨመራል። ፌጆቹ ወደሚፈልጉት ባክቴሪያ እስኪገቡ ይጠበቃል። ከዚያ ውጪ የቀሩትን ፌጆች የሚገድል ኬሚካል ይደረጋል፤ ለቲቢ የሚሠራበት የብረት ጨው ነው። ለዚሁ ሥራ የሻይ ቅጠል ውሃ ሳይቀር ተሞክሯል። አሁን በሕይወት ያሉት ፌጆች ባክቴሪያ ውስጥ የተደበቁት ብቻ ናቸው። የኬሚካሉ ኃይል እንዲጠፋ ከተደረገ በኋላ ቶሎ የሚያድግ ረዳት ባክቴሪያ ይጨመርና ሁሉም ሳህን ላይ ይፈስሳል። ሲያድር ሳህኑ በረዳቱ ባክቴሪያ ይደምናል። የተደበቁት ፌጆች የወጡበት ቦታ ግን ክብ ክብ ሆኖ ጠርቶ ይታያል። አንድ ጥርት ያለ ክብ ማለት አንድ የተያዘ ባክቴሪያ ማለት ነው። በዓይን ይቆጠራል፤ ውድ ማሽን አይፈልግም። ለቲቢ ይህ 2 ቀን ገደማ ይፈጃል። የቲቢ ካልቸር፣ ማለትም ባክቴሪያውን አሳድጎ ማየት፣ ሳምንታት እንደሚወስድ ለምናውቅ ሰዎች ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ይኸው ሰው 4 ቁጥር ላይ ተመልሶ ስለሚያበሩት ፌጆች ጨመረ። በ1993 ዊሊያም ጃኮብስና ባልደረቦቹ ሌሊት ብልጭ ብልጭ ከምትለው ጥንዚዛ የተወሰደ ዘረመል የቲቢ ፌጅ ውስጥ አስገቡ። ፌጁ ሕያው የቲቢ ባክቴሪያ ውስጥ ሲገባ ባክቴሪያው ብርሃን ይሰጣል። እስኪፈነዳ መጠበቅ የለም። በ2011 ደግሞ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በፌጅ የሚሠራ የስታፊሎኮከስ ኦሪየስ ምርመራ ፈቀደ። የደም ካልቸሩ ባክቴሪያ ማሳየት ከጀመረ በኋላ በ5 ሰዓት ገደማ ሁለት ነገር ይናገር ነበር፦ ስታፍ ኦሪየስ ነው ወይስ አይደለም፤ ሜቲሲሊን የሚባለው መድኃኒት ይገድለዋል ወይስ አይገድለውም።

5 ቁጥር ላይ ድምፁ ጠንከር አለ። ጸሐፊው ማን እንደሆነ አልተናገረም፣ ግን ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው። ታይፎይድ ታማሚ ደም ውስጥ ብዙ ጊዜ በአንድ ሚሊሊትር አንድ ባክቴሪያ እንኳ አይገኝም አለ። የደም ካልቸር ራሱ ከ10 እውነተኛ ታማሚ 6ቱን ያህል ነው የሚይዘው። ታዲያ ፌጁ ከጣት በተወጋ ጠብታ ውስጥ ምን ሊያገኝ ነው? ሕዝብ ተስፋ ከማድረጉ በፊት ይህ ይነገር ብሎ አሳሰበ።

ይህ ነጥብ ዋና ነገር ነው። 6 ቁጥር ላይ የመለስኩትም በዚሁ ላይ ነው። ፌጅ የደም ካልቸርን አይተካም። መጀመሪያ በቂ ደም ተወስዶ ጠርሙስ ውስጥ ማደግ አለበት። የምናተርፈው ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ ነው። ጠርሙሱ ፖዘቲቭ ካለ በኋላ እንደገና ሳህን ላይ መዝራት፣ ማሳደር፣ በኬሚካል ማጣራት አለ። ይህ ሌላ አንድ ሁለት ቀን ይበላል። ፌጅ ይህን ወደ ሰዓታት ሊያወርደው ይችላል። ትኩሳት ላይ ላለ ሕፃን እነዚያ ሰዓታት ቀላል አይደሉም።

7 ቁጥር ላይ ባሕር ዳር የምትማር የማይክሮባዮሎጂ ድኅረ ምረቃ ተማሪ ታይፎይድና ፌጅ ከጥንትም እንደሚተዋወቁ አስታወሰች። በ1938 ካናዳ ውስጥ ክሬጊና የን የሚባሉ ተመራማሪዎች የታይፎይድ ባክቴሪያን በፌጅ እየለዩ በየዓይነቱ መደቡ። ወረርሽኙ ከየትኛው ጉድጓድ ወይም ከየትኛው ወጥ ቤት እንደተነሳ የሚታወቀው በዚያ ነበር። ፌሊክስ ኦ1 የሚባለው ፌጅ ደግሞ አብዛኛውን ሳልሞኔላ ይይዛል። ይቺን ልጅ ያዟት፤ በኋላ ትመለሳለች።

8 ቁጥር ላይ የዳንግላ የእንስሳት ሐኪም ወሬውን ወደ ከብት ወሰደው። ለእሱ ፌጅ ማለት አባ ሰንጋ (አንትራክስ) ነው። ጋማ ፌጅ የሚባለው ከ1955 ጀምሮ የአንትራክስ ባክቴሪያን ከዘመዶቹ ለመለየት ይሠራበታል። ባክቴሪያው ሳህን ላይ ይዘራና የፌጁ ጠብታ ያርፍበታል። ጠብታው ያረፈበት ቦታ ከጠራ አንትራክስ የመሆኑ ጥርጣሬ ይጠነክራል። ጥቂት ዘመዶቹም ስለሚጠሩ ሌላ ማረጋገጫ ይጨመርበታል። ስፖሩን፣ ማለትም ባክቴሪያው ተኝቶ የሚቆይበትን ጠንካራ መልክ፣ ግን ፌጅ እንደማይነካው ሐኪሙ በግልጽ ጻፈ።

ከ9 እስከ 11 ክሩ ከመንገዱ ወጣ፤ መውጣቱን ግን አልጠላሁትም። 9 ቁጥር ላይ አንዱ በሬ በድንገት ሲሞት ሥጋውን መጣል ለገበሬ ምን ማለት እንደሆነ ጻፈ። በሬው እርሻው ነው፤ ሥጋው ተከፋፍሎ ቢያንስ የዕዳው ማቃለያ ይሆናል። 10 ቁጥር ላይ የመለሰችው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ኮስተር አለች። አባ ሰንጋ የገደለው ከብት መገፈፍም መከፈትም የለበትም። ደሙ አየር ሲያገኝ ባክቴሪያው ወደ ስፖር ይለወጣል፣ ስፖሩም አፈር ውስጥ አሥርተ ዓመታት ይቆያል። ከዚያ ግጦሽ ላይ የልጅ ልጆቹ በሬም ይሞታል። 11 ቁጥር ዘጠነኛውን ደግፎ፣ ይህን ለመንደሩ ሰው ለመንገር ክትባቱ በጊዜ መድረስ አለበት አለ። እውነቱን ነው።

12 ቁጥር ላይ መራዊ አካባቢ ወተት የሚሰበስብ ሰው ጻፈ። በየማለዳው ወተቱ ሲመጣ ላክቶሜትር ይነከርበታል፤ ውሃ የተጨመረበትን ያጋልጣል። ከዚያ አልኮል ቴስት ይሠራል፤ ሊኮመጥጥ የደረሰውን ያጋልጣል። የከብት ቲቢንም ብሩሴላንም (ከከብት ወደ ሰው የሚተላለፍ ባክቴሪያ ነው) አንዳቸውም አያዩም። ፌጅ እዚህ ይረዳን ይሆን ብሎ ጠየቀ። ከባሕር ዳር ያችው ተማሪ መልስ ሰጠችው። እንግሊዝ አገር ኖቲንግሃም ዩኒቨርሲቲ ላይ ዲ29 በሚባል ፌጅ የሚሠራ ዘዴ ተፈጥሯል። ፌጁ የቲቢውን ባክቴሪያ ከላም ደም ውስጥ ፈልጎ ያፈነዳዋል፤ የወጣው ዲኤንኤ በፒሲአር፣ ማለትም ዲኤንኤን አባዝቶ በሚያሳይ ዘዴ፣ ይነበባል። በሰዓታት ያልቃል። ለብሩሴላም ትብሊሲ የሚባል ፌጅ አለ፤ እሱ ግን ያደገውን ባክቴሪያ በትልልቅ ላብራቶሪ ለመለየት ነው እንጂ ለወተት መሰብሰቢያ አይሆንም። ሁሉም እስኪመጣ ድረስ ወተቱን አፍሉት ብላ ጨረሰች።

ይህቺ የመጨረሻዋ ምክር ክርክር አስነሳች። አንዱ አያቶቻችን ጥሬውን ጠጥተው መቶ ዓመት ኖሩ አለ። ሌላው እርጎ ከሆነ ችግር የለውም አለ። ሦስተኛው በሁዳዴ ወተት የሚገዛ ጠፍቶ ሁሉ ቅቤ እንደሚሆን፣ ስለ ምርመራ ከማውራት ስለ ገበያው ብናወራ እንደሚሻል አማረረ። እርጎ መሆኑ ብቻ ዋስትና አይሆንም። ብሩሴላ ያለበት ሰው ደግሞ እየመጣ እየሄደ ያተኩሰዋል። ጤና ጣቢያ ሲመጣ ምን እንደሚባል ከላይ ጽፌዋለሁ።

15 ቁጥር ላይ ነገሩ ተካረረ። አንድ ሐኪም ናቸው። ሲጀምሩ አክብረውኝ ነበር፣ ሲጨርሱ አንተ እያሉ ነበር። ጂንኤክስፐርት ቲቢን በ2 ሰዓት ገደማ እየነገረን ፌጅ ምን ያደርግልናል አሉ። ጓንት በሚጎድልበት፣ መብራት በሚጠፋበት አገር የፈረንጅ መጽሔት አንብቦ ሕልም መሸጥ ታማሚን መበደል ነው አሉ። 16 ቁጥር ላይ አንድ ወጣት የላብራቶሪ ባለሙያ በኃይለ ቃል መለሰላቸው። ዊዳል እያዘዙ ሲፕሮ የሚባለውን አንቲባዮቲክ የሚጽፉት እነማን ናቸው ብሎ ጠየቀ። ከዚያ ወዲያ ሁለቱም የተለዋወጡትን እዚህ አልደግመውም።

ከስድቡ ጀርባ ያለው ነገር ግን መመለስ ይገባዋል። ጂንኤክስፐርት የሚያነበው ዲኤንኤ ነው። የሞተ ባክቴሪያ ዲኤንኤም ይነበባል። መድኃኒት የጀመረ የቲቢ ታማሚ እየዳነም ፖዘቲቭ ሊቆይ ስለሚችል፣ ሕክምናው መሥራቱን ለመከታተል አንጠቀምበትም። ፌጅ የሚባዛው ሕያው ላይ ብቻ ነው። ሐኪሙ ያልተመለሰላቸው ይህ ነው። ስለ መብራቱ ያሉት ግን ሙሉ በሙሉ ልክ ነው። ፌጁም 37 ዲግሪ የሚይዝ ኢንኩቤተር ይፈልጋል። በሶላር የሚሠራ ትንሽ ኢንኩቤተር ያልታሰበበት ዕቅድ ዕቅድ አይባልም።

17 ቁጥር ላይ አንድ አባት ገብተው ልጆቻችን ናችሁና በሥርዓት ተነጋገሩ አሉ። ደግነቱ ተሰሙ።

18 ቁጥር ላይ ከወረዳ ውሃ ጽሕፈት ቤት የጻፈ ሰው ፌጅ ከሁሉ በፊት ለውሃ ይሁን አለ። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ግልጽ ነው፤ በ100 ሚሊሊትር የመጠጥ ውሃ ውስጥ ኢ. ኮላይ መገኘት የለበትም። አሁን ውሃው በማጣሪያ ወረቀት ያልፋል፣ ወረቀቱ ሙቀት ውስጥ ከ18 እስከ 24 ሰዓት ያድራል። ውጤቱ ሲመጣ ውሃው ተጠጥቷል። አሜሪካ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ላይ ቲ7 የሚባል ፌጅ ብርሃን ሰጪ ኤንዛይም እንዲያሠራ ተደርጎ ለውሃ ተሞክሯል። ክሎሪን ከተጨመረ በኋላም የሞተውን ከሕያው ስለሚለይ ይህ ለውሃ ሥራ ይመቻል። ለእኔም የመጀመሪያው በር ይህ ይመስለኛል። ደም መቅዳት የለበትም፣ ናሙናው ንጹሕ ነው፣ ኢ. ኮላይም ለላብራቶሪ የዋህ ነው።

19 ቁጥር ላይ አንዲት እናት ጠበልም ሊመረመር ነው ወይ ብለው በቅሬታ ጠየቁ። ብዙ ሰው ዝም አለ። 20 ቁጥር ላይ አንድ ዲያቆን በእርጋታ መለሰ። የሚያሳስበው ምንጩ ሳይሆን ጄሪካኑ ነው አለ። ሕዝቡ ለወራት ያላጠበውን ጄሪካን ይዞ ይመጣል፣ በአንድ ጣሳ ሁሉም ይጠጣል። የዕቃው ንጽሕና ቢጠበቅ እምነቱን የሚነካ ነገር የለም አለ። እናቲቱ መርቀውት ወጡ።

21 ቁጥር ላይ ስለ አተት የመጣው መልስ ሁላችንንም አስገርሟል። የኮሌራ ባክቴሪያ የራሱ ፌጆች አሉት። በባንግላዴሽ እንደታየው ፌጆቹ ታማሚው ሰገራ ውስጥ ባክቴሪያውን ይጨርሱትና ካልቸሩም ፈጣን ምርመራውም ኔጌቲቭ ሊል ይችላል። ሰውየው ግን ኮሌራ ነው ያለበት። ስለዚህ በወረርሽኝ ጊዜ የኮሌራ ፌጅ ሰገራ ውስጥ መገኘቱ ራሱ ማስረጃ ሊሆን ይችላል።

22 ቁጥር ላይ የመድኃኒት ቤት ባለሙያ ነው። ሰው ናሙና ሳይሰጥ ሁለት ፍሬ ሲፕሮ ውጦ ይመጣል፤ ያኔ ባክቴሪያውም አያድግ፣ ፌጁም አይባዛ። 23 ቁጥር ያለ ማዘዣ የሚሸጠው ማን ሆነና ብሎ ነካው። ባለሙያው አልተቆጣም። እሱ ቢከለክል ሰዉ ማዶ ካለው ሱቅ እንደሚገዛ ተናገረ። መፍትሔ ሳይገኝለት ታለፈ።

24 ቁጥር ላይ የባሕር ዳሯ ተማሪ ተመለሰች። እኔ የምለው ሁሉ የተቋጠረው እዚህ መልስ ላይ ነው። ፌጅ ይመርጣል ብለናል። እንግዲህ በሌላ አገር ባክቴሪያ የተፈተነ ፌጅ የጎጃምን ሳልሞኔላ ላይይዝ ይችላል። ኪቱ ኔጌቲቭ ይላል፣ በሽተኛው ግን ታይፎይድ ይሆናል። ስለዚህ ከውጭ ኪት ከመጠበቃችን በፊት የራሳችንን ፌጅ ማጥመድ፣ የመጣውንም በራሳችን ባክቴሪያ መፈተን አለብን።

ማጥመዱ ደግሞ ውድ አይደለም። ፍሳሽ ውሃ ይቀዳል፣ ይዘቅጣል፣ 0.22 ማይክሮሜትር በሆነ ማጣሪያ ያልፋል። ባክቴሪያው ይቀራል፣ ፌጁ ያልፋል። ያለፈው ውሃ በማደግ ላይ ካለ የአካባቢያችን ሳልሞኔላ ጋር ያድራል። በማግስቱ ሳህን ላይ ጠብ ይደረጋል። የጠራ ክብ ከታየ ከመሃሉ ይወሰድና ንጹሕ እስኪሆን ይደጋገማል። ብዙ ፌጆች ተራ ፍሪጅ ውስጥ ለወራት ይቆያሉ። ከዚያ ዋናው ድካም ይመጣል፤ ከደብረ ማርቆስም፣ ከሞጣም፣ ከቡሬም፣ ከባሕር ዳርም የተሰበሰበ ባክቴሪያ ላይ አንድ በአንድ መሞከር። የቱን ይይዛል? የቱ ያመልጠዋል? የማይመለከተውንስ ይነካል? አንዱ የሳተውን ሌላው እንዲይዘው ፌጆቹ በቅይጥ ይሠራሉ። ይህ በማስተርስ ተማሪ እጅ የሚሠራ ሥራ ነው። ገንዘብ ከሌለን ትዕግሥት አለን፤ ፍሳሹም አላጣንም።

የጎደለን የባክቴሪያ ስብስብ ነው። ካልቸር የሚሠሩ ሆስፒታሎች ያበቀሉትን ባክቴሪያ ውጤቱን ከጻፉ በኋላ ያስወግዱታል። እሱ ቢቀመጥ ኖሮ የፌጁ ሥራ ዛሬ ይጀመር ነበር።

25 ቁጥር ላይ የፍኖተ ሰላሙ ባለሙያ ከናሙና ተለይቶ የበቀለ ባክቴሪያ ያለ ታማሚው ስም፣ በቦታና በቀን ብቻ ተመዝግቦ ቢቀመጥ እንደሚተባበር ጻፈ። የ15ኛው መልስ ሐኪምም 26 ቁጥር ላይ ተመለሱ። የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ሳይገኝ አንድ ቱቦ እንዳይንቀሳቀስ አሳሰቡ፤ የፈቃዱን ማመልከቻ ግን አብረው እንደሚጽፉ ተናገሩ። በደስታ ተቀብያለሁ።

27 ቁጥር ላይ የዳንግላው የእንስሳት ሐኪም የዶሮና የጥጃ ሳልሞኔላም ይግባ ወይ ብሎ ጠይቋል። ይግባ። ከሰው የተገኘው ጋር እንዳይደባለቅ ግን በሌላ ሣጥንና በሌላ መዝገብ ይሁን። አባ ሰንጋ አይገባም፤ እሱ የተከለለ ላብራቶሪ ይፈልጋል። ሳልሞኔላ ወይም ኢ. ኮላይ ያስቀመጠ ላብራቶሪ ካለ የትኛው ወረዳ እንደሆነና በምን የሙቀት መጠን እንዳስቀመጠው ከዚህ በታች ይጻፍልን።